የሰናይት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ታየሁ። እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ። ያውም በማን? በአያ ፈንቴ! እሑድ ታናሽ እህቴን ሙሉን ሊጠይቁ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ዋናው እሳቸው ናቸው። ቡሬ ጤና ጣቢያ ምን እንዳመጣቸው አላውቅም። በአጥሩ በኩል ሲያልፉ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፣ ሳፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ባሕር ዛፉ መለሱ።

የዝሆኔ ታማሚዎች እግራቸውን ከሚታጠቡበት ግቢ ስመላለስ ስምንት ወር ሆነኝ። ልጅ ሆኜ በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግሬ ስለኖርሁ፣ እግሬ ሲወፍር ዝሆኔ ነው ብዬ በራሴ ላይ ፈረድሁ። ፍኖተ ሰላም መታጠብ አልችልም። የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ የማያውቀኝ የለም። የዋሸኋቸው እነዚህ ናቸው፦

ለአለቃዬ፦ ጥርሴን እያሳከምሁ ነው።
ለሙሉ፦ የመስክ ሥራ አለብኝ።
ለቡሬ ካርድ ክፍል፦ ስሜ ሰናይት፣ አገሬ መራዊ።

በእኛ አገር ልጅ ከመታጨቷ በፊት ዘር ይጠየቃል። «እነሱ ቤት ዝሆኔ አለ» ከተባለ አበቃ። የሙሉን ትዳር በገዛ እግሬ አበላሸሁት።

ነርሷ ደግሞ ስወጣ ጠርታ፣ «ሰናይት፣ ያንቺ ነገር ግራ ገብቶኛል። ሐሙስ ከባሕር ዳር ሐኪም ትመጣለች፤ ታይሽ» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሙሉ ቀሚስ ተለካች። ልብስ ሰፊውን «መሬት ይንካልኝ» አለችው።

ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በቀን አንዴ ነው የምበላው። ፊቴ ከስቷል፣ የአንገቴ አጥንት ወጥቷል፤ እግሬ ግን ወይ ፍንክች! ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ወፍሮ፣ እዚያ ሲደርስ ክር እንደታሰረበት ቆረጥ ይላል። ሲነኩት ያመኛል። የጠረጴዛ ጠርዝ ቢገጨኝ ሳምንት ሙሉ ይጠቁራል።

የቢሮ ጓደኛዬ ዛሬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ብርቱካን፣ ጾም አንቺን ከወገብ በላይ ብቻ ነው እንዴ የሚይዝሽ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሚያናድደኝ መሳቄ ነው።

አያ ፈንቴ ለማን ነግረው ይሆን? ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሳቸው የነገሩት ሰው ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዝሆኔ አይደለም!

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከሁለተኛዋ የእግር ጣቴ ሥር ቆዳዬን ቆንጠጥ አደረገች፤ ተነሣላት። ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ አልጎደጎደም። መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀችኝ። የወር አበባ ካየሁ ወዲህ ነው። እናትሽስ እንዲህ ነበሩ ወይ አለችኝ። እማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እግሯን አንድ ቀን እንኳ አላሳየችንም።

«ዝሆኔ ከታች፣ ከመርገጫ ነው የሚጀምረው። ያንቺ መርገጫ ጤነኛ ነው» አለችኝ። የእኔው ሊፒዲማ ይባላል። ከቆዳ ሥር የሚጠራቀም የታመመ ስብ ነው፤ የሚይዘውም በአብዛኛው ሴቶችን ነው፤ ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል። በመብላት አልመጣም፣ በጾምም አይሄድም። ይህን ስትለኝ አለቀስሁ።

ቀዶ ሕክምና እንዳለውም ነገረችኝ። ስቡን በቀጭን ቱቦ ይመጥጡታል። አንዴ ላይበቃ ይችላል። ሕመሙንና ክብደቱን ያቀለዋል እንጂ ከነሥሩ አይነቅለውም፤ ከዚያም በኋላ ጥብቅ ካልሲ ማድረጉና መራመዱ አይቀርም። «ለቁንጅና እንዳይመስልሽ፤ ሕክምና ነው» አለች። የምርመራውን ውጤትና ወደ አዲስ አበባ የምትልከኝበትን በአንድ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

ከክፍሉ ወጥቼ «ዝሆኔ አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ። በሩ ሥር እማማ ይመኙሻል እግራቸውን እያደረቁ ነበር። ስምንት ወር በአንድ ሳሙና አብረን የታጠብን፣ ቆሏቸውን ያካፈሉኝ ሴት ናቸው። የእሳቸው ዝሆኔ ነው፤ ጫማ እንኳ አይገባላቸውም። ቀና አሉና፣ «እሰይ ልጄ። እንኳን ከእኛ ወጣሽ» አሉኝ።

የምገባበት ጠፋኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ወደ አያ ፈንቴ ቤት ገሠገሥሁ። «ይኸው፣ ያንብቡት፤ ዝሆኔ አይደለም» ልላቸው ነው። በራቸው ሥር ስደርስ አንድ ጊዜ ላንብበው ብዬ ገለጥሁት።

ስም፦ ሰናይት። አድራሻ፦ መራዊ።

ቆሜ ቀረሁ። ነፃ የሚያወጣኝ ወረቀት የእኔ አይደለም! ውሻቸው ሲጮህብኝ ዞሬ ተመለስሁ።

ስሜ ቢሆንስ ኖሮ? «በዘር ይሄዳል» የሚለውን ለአያ ፈንቴ አነብላቸው ነበር? አላነብም ነበር። እዚያ ላይ በጣቴ እሸፍነው ነበር። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ለሙሉ ሁሉንም ነገርኋት። ሳፋውን፣ አያ ፈንቴን፣ ሰናይትን፣ በዘር ይሄዳል የተባለውንም።

ሰምታኝ ስታበቃ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ቀሚሷን ገለጠች። የእኔው እግር ነው። ጭኗም እንደ እኔው በግጭት ጠቋቁሯል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንተኛ ክፍል እያለሁ።»

አንድ ቤት እየኖርን፣ ተራ በተራ በር ቆልፈን ስንታጠብ ከረምን። ቡሬ እንደምመላለስ ታውቅ ኖሯል። እሷንም ዝሆኔ የያዛት መስሏት፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ልትደብቅ ነበር።

«ከሠርጉ በኋላስ?» አልኋት።

«እሱን አላሰብሁበትም።»

እያለቀስን ሳቅን።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ጽዮን

አራት ሆነው መጡ። አጎታችን «ተቀመጡ እንጂ» ሲሏቸው፣ «የመጣንበት ሳይመለስ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። እንዲህ ባለ ቦታ ሴት አትናገርም። እኔ ግን ተናገርሁ።

«አያ ፈንቴ፣ ቡሬ ያዩኝ እኔው ነኝ።»

አጎቴ ክው አሉ። የበሽታውን ስም፣ ዝሆኔ አለመሆኑን፣ በዘር መሄዱንም ተናገርሁ። ከዚያ ሙሉ ከጓዳ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ አትወጣም፤ እሷ ወጣች። «እኔም አለብኝ» አለች።

አያ ፈንቴ ከዘራቸውን ተደገፉ። «ቡሬ ያየሁትን ለማንም አልተነፈስሁ። እኛ የተላክን ልጅ ልንጠይቅ ነው፤ እግር ልንለካ አይደለም» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ነገር ግን የሰማነውን ለላከን ሳናደርስ ብንቀመጥ ነውር ነው» አሉና እንደቆሙ ወጡ።

አጎቴ «አዋረዳችሁኝ» ብለው ጋቢያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

መልስ አልመጣም። ሊያገባት ያለው ልጅ ግን ትናንት ለሙሉ ደውሎ፣ «ያምሻል?» ብሎ ጠየቃት። ሌላ ምንም አላለም። እኔ እህቷ ስሆን ቅዳሜ ይህን አልጠየቅኋትም።

ዛሬ አብረን ቡሬ ሄድን፤ እሷ ልትታይ፣ እኔ ስሜን ላስተካክል። እማማ ይመኙሻል አግዳሚው ላይ ነበሩ።

«ወጥተሽ አልነበር?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ ሰናይት አይደለሁም። ብርቱካን ነኝ። ከመራዊም አይደለሁም፣ የፍኖተ ሰላም ነኝ። ይቺ እህቴ ናት።» አግዳሚው ሁሉ ሰማ።

እማማ ይመኙሻል፣ «ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ለሰናይት ብዬ የጸለይሁት ለማን ደረሰ?» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ፤ ለሁለታችንም ቦታ ለቀቁልን።