በግራ እግር የጀመርኩት ውዝዋዜ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

እህት አድርጌ ለማይሽ፣ ሕንድ አገር ቼናይ ለቀረሽው ያገሬ ልጅ ጓደኛዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ዝናብ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? እዚያ ማይላፖር ሰፈራችን መንገዱ ደርቆ ሰው በባዶ እግሩ መሄድ ጀመረ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንደ ወጉ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ብዬ ልቀጥል ነበር። ዘንድሮ ግን ከናፍቆቱ የባሰ ስላለብኝ፣ ከሀፍረቴ በስተቀር ደህና ነኝ ልበልሽ።

የማሚን ማረፍ የጻፍሽበት ደብዳቤ መስከረም መጨረሻ ላይ ደርሶኛል። ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፋት። አከራያችን ብቻ ሳይሆኑ ያንቺ የዳንስ መምህርም ነበሩና ሐዘኑ ላንቺ እንደሚብስ አውቃለሁ። ታኅሣሥ ላይ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው በመታሰቢያቸው እንደምትጫወቱ፣ ሁሉም መምህሯ የባረኩላትን የእግር ቃጭል አስራ ስትወጣ አንቺ ግን እንደ ልማድሽ የተዋስሽውን እንደምታስሪ ጽፈሽልኛል። ይህችን መስመር ካነበብኩ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ መልስ አልሰጠሁሽም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሥራዬ ያው ነው፤ ኒድ ሰፈር የሚገኝ አልተንሃይም፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ውስጥ አዛውንቶችን አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጋሉስ ወዳለው ቤቴ እመለሳለሁ። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር መልሼ ያስቀመጥኩት የምጽፈውን ስለማውቀው ነው።

ታኅሣሥ ሲመጣ ያ ከተማ የሚሆነውን ለዚህ አገር ሰው ላስረዳ ስሞክር አይገባቸውም። በየአዳራሹ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ፤ አንቺ ጋዜጣውን ወለሉ ላይ ዘርግተሽ የትኛው ዘፋኝ የት እንዳለ በቀይ እስክሪብቶ ስታከቢ፤ የጠዋቱ መግቢያ በነፃ ነውና ቁርስ ሳንበላ ባጃጅ ውስጥ ስንገባ። ሽማግሌዎቹ ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ምት ይቆጥራሉ፤ ዘፋኙ ቅንጣት ታህል ከሳተ ደግሞ እርስ በርስ ተያይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን ወደ አዳራሹ የሚወስደኝ ሙዚቃው ነው፣ አንቺን የሚወስድሽ ግን ጓሮ የሚሸጠው ዶሳ፣ የሩዝ ቂጣው፣ ነው እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር። ዶሳውንም እወድ ነበር፤ አልዋሽሽም። እስከዛሬ የዋሸሁሽ ይበቃል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ቤታችን ያለውን ደረጃ ነበር። ማሚ ከታች ባለው ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ የምት መምቻዋን እንጨት በዱላቸው እየመቱ «ታይያ ታይ» እያሉ ምቱን ይጠራሉ። አንቺና ሌሎቹ ፊት ለፊታቸው ተሰልፋችሁ ትረግጣላችሁ። እኔ ከማሚ ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ፣ መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ የማነብ እየመሰልኩ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አያችኋለሁ። ወደ ክፍላችን ስትመለሺም ፊት ለፊቴ ቆመሽ ትለማመጃለሽ፣ እኔ ምቱን እቆጥርልሻለሁ። የቱ ላይ ዓይንሽ እንደሚዞር፣ የቱ ላይ ጣትሽ እንደሚታጠፍ ከራስሽ ቀድሜ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ማሚ ዞር ብለው ውረጂ አሉኝ። ደረጃው ላይ ሆነሽ ስትወዛወዢ ይሰማኛል፣ ወርደሽ ከጓደኛሽ አጠገብ ቁሚ፣ ክፍያም አልፈልግም አሉኝ። እኔ ደግሞ ከዳንሱ በፊት ጎንበስ ተብሎ መሬት የሚነካበትን ሰላምታ ምክንያት አደረግኩ። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም አልኳቸው። አልተቆጡም። መሬቷን ልንረግጣት ስለሆነ አስቀድመን ይቅር በይን እንላታለን፣ ጎንበስ ማለቱ ከከበደሽ ቆመሽም በልብሽ ማለት ትችያለሽ አሉኝ። አንቺ አማትበሽ ትገቢበት ነበር። እኔ አሁንም እምቢ አልኩ። የሃይማኖቱ ነገር ሰበብ ነበር እንጂ፣ እውነቱ ጀምሬ ባይሆንልኝ እንዳትስቁብኝ ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ስቀመጥ አንቺን ማየት ደስ ይለኛልም ያቃጥለኛልም።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ማሚ ቃጭሎችሽን ባረኩልሽ። ቆዳ ላይ በተርታ የተሰፉትን የነሐስ ቃጭሎች በሁለት እጃቸው ሲሰጡሽ፣ መምህሩ በእጁ ያልሰጠው ሰው አያስራቸውም ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺም ሰምተሻል። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ለአጭር ስልጠና ወደ ጀርመን የምሄድበት ቀን ደረሰ። አንቺ ፀጉሬ ላይ የምትሰኪልኝ ጃስሚን ልትገዢ ወጥተሻል። ሻንጣዬን ይዤ በሩን ስከፍት፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለው የቃጭሎችሽ ከረጢት ትከሻዬን ነካኝና ድምፅ አሰማ። አወረድኩትና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው ነው። ሰይጣን አሳሳተኝ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። አንቺም አበባውን ይዘሽ መጣሽና ፀጉሬ ላይ ሰካሽልኝ።

ስልጠናው አልቆ እዚሁ ቀርቼ፣ መጠለያ ውስጥ ሳለሁ ደወልሽልኝ። ቃጭሎቹን 21 ቁጥር ባስ ላይ ጥዬ ወረድኩ አልሽኝ። ማሚ አዝነው ሁለት ሳምንት እንዳላናገሩሽ፣ መጀመሪያ መድረክ የወጣሽ ቀን የሳቸውን አሮጌ ቃጭል እንዳሰርሽ፣ ሰፍቶሽም መሃል ላይ እንደተፈታብሽ ነገርሽኝ። ይህን ስትነግሪኝ ያንቺዎቹ አልጋዬ ሥር ነበሩ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ባሶቹ የሚያድሩበት ሄደሽ በደንብ ጠይቀሻል ወይ አልኩሽ። አንቺም ነገሩን ትተሽ፣ የጀርመን ብርድ እንዴት ነው አልሽኝ። ወላሂ፣ ከስርቆቱ ይልቅ ያች ጥያቄዬ ትከነክነኛለች። ወደ ሥራ የሚያመላልሰኝ ስትራሰንባን፣ የከተማው ባቡር፣ እዚህም ቁጥሩ 21 ነው፤ በቀን ሁለቴ እሳፈርበታለሁ።

አሁን የዚህን አገሩን ልንገርሽ። ጋሉስ ውስጥ ሁስኒያ የምትባል የጅማ ልጅ ሱቅ አላት። ሱቋ ውስጥ የሕንድ ዘፈን ተከፍቶ ወረፋ ስጠብቅ፣ ሳላስበው በጣቶቼ ስከተለው አየችኝ። የት ተማርሽው አለችኝ። ቼናይ፣ ሦስት ዓመት አልኳት። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ውሸቱ ትንሽ ነበር። ተመርቀሻል ወይ ስትለኝ፣ አዎ፣ መድረክ ወጥቻለሁ አልኳት። ፎቶ አምጪ አለችኝ። ለማስታወሻ የላክሽልኝን፣ ዓይንሽ ተኩሎ ጌጡ ግንባርሽ ላይ ያለበትን ፎቶ ወስጄ ሰጠኋት። በዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ አንቺን ከእኔ የሚለይ ሰው እዚህ የለም። ሁስኒያ በትልቁ አሳትማ የሱቋ በር ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴት ልጆች አስተምራለሁ። በአማርኛ ስናገራቸው በጀርመንኛ ይመልሱልኛል። አንደኛው ግድግዳ መስታወት ነውና ወደ መስታወቱ ዞሬ ከፊት እቆማለሁ፣ እነሱ ከኋላዬ ሆነው እግሬን እያዩ ይከተሉኛል። ያንቺን ቃጭሎች አስራለሁ። የመሬቷን ሰላምታ ግን አላስተማርኳቸውም። የሁስኒያ ልጅ ሀይፋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከሁሉ ጎበዟ እሷ ናት። የእናቷን ሱቅ ወለል በመርገጥ ብዛት ሩዝ ከመደርደሪያ ታወርዳለች እያለች ሁስኒያ ትስቃለች። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ይህኛው ውሸት አይደለም።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ እሁድ ቀን፣ ለወላጆች ዝግጅት አደረግን። ሁስኒያ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ጠራች፤ ከጠራቻቸው አንዷ ከሱቋ ካሪ የምትገዛ የቼናይ ሴት ነበረች፣ በዕድሜ ከኛ ብዙም አትርቅም። ከፊት አስቀመጥናት። ልጆቹ ሲጀምሩ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ቀረና እግራቸውን ብቻ ማየት ጀመረች። ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ከማን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። የማሚን ስም ነገርኳት። ቤቱን ታውቀዋለች። በጣም ቀስ ብላ በጀርመንኛ፣ ክፍሉ ውስጥ የት ነበር የምትቆሚው አለችኝ። መልሱን ግን ራሷ አግኝታዋለች። ሁሉም እርምጃ በቀኝ እግር ይጀመራል፣ ያንቺ ልጆች ግን አሥራ ሁለቱም በግራ ይጀምራሉ፣ የቀኝ እጅ ሥራም በግራ ተሠርቷል፣ እንዲህ የሚሆነው ፊት ለፊት ተቀምጦ በማየት ብቻ ለተማረ ሰው ነው አለችኝ። ሁስኒያ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ቤት ስትገቢ ቀኝሽን አስቀድሚ እያለች ነው ያሳደገችኝ። መስጊድ በቀኝ እገባለሁ፣ ጫማ በቀኝ እጀምራለሁ። ዳንሱን ግን ሦስት ዓመት በግራ ሳስጀምር አንድ ቀን አልታወቀኝም። ከደረጃው ላይ ቀኝሽ ያለው በግራዬ በኩል ነበርና እኔም ያየሁትን ነው የረገጥኩት።

የባሰው ደግሞ ሀይፋ ከኋላችን ቆማ ነበር። ጀርመንኛውን አንድም ሳይቀራት ሰምታለች። እጄን ይዛ፣ ታዲያ የተማርነው ሁሉ ፋልሽ ነው ወይ፣ ስህተት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አለኝ ብያት ወጣሁ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በእሁድ ቀን፣ ቴርሚን አለኝ አልኳት። ቤቴ ገብቼ ቃጭሎቹን ፈትቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኳቸውና ፊታቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ እኔ የሚመስለኝ ስለ ሠርግ ጌጥ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹንም እናቶቻቸውንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። መድረክ ወጥቼ እንደማላውቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ከተማሪ ጋር ተሰልፌ እንዳልቆምኩ፣ በር ላይ ያለው ፎቶ የጓደኛዬ እንደሆነ፣ ቃጭሎቹም የሷ እንደሆኑና ሳልጠይቅ እንደወሰድኳቸው። «ሳልጠይቅ» አልኩ፤ «ሰረቅኩ» ማለት አቅቶኝ ነበር። እዚህ ላይ ልበለውና ይውጣልኝ። ሰረቅኩሽ። አራት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ሁስኒያ አንድ ቃል ሳትናገር ሱቋ ሄዳ ፎቶሽን በጥንቃቄ ነቅላ፣ ሳይታጠፍ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ሁለት ሳምንት ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ብቻ መለሰች። ባለፈው ሳምንት ግን በርበሬዬን እየመዘነች፣ ውሸታም መሆንሽን አልረሳውም፣ ሀይፋ ግን ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው እያለች አሰልችታኛለችና ንገሪኝ አለችኝ።

አሁን የምታስተምራቸው ያች የቼናይ ሴት ናት። እኔ ከኋላ፣ ከሀይፋ ጎን እቆማለሁ፣ በባዶ እግሬ። በቀኝ መጀመር እንደ አዲስ መራመድ ሆኖብኛል። ግራዬ ይቀድመኛል፤ ሀይፋ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። ከመጀመራችን በፊት መሬቷን ይቅርታ እንጠይቃለን። እኔ ቆሜ በልቤ እለዋለሁ፣ ማሚ ይቻላል እንዳሉኝ። እሳቸው ሳያርፉ ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ እቆጫለሁ።

ፎቶሽም ቃጭሎችሽም ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ካርቶን ይመጡልሻል። የፖስታ ቤቷ ሴት ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው ብላኛለች፤ ለማሚ መታሰቢያ ይደርሱልሻል ኢንሻአላህ። ከግራው እግር ሁለት ቃጭሎች ወድቀዋል፤ በግራ አብዝቼ ስለረገጥኩ ነው። የወደቁትን አልጣልኳቸውም፣ በወረቀት ጠቅልዬ አብሬ ከትቻቸዋለሁ። ማሰሪያው ደርቆ ነበር። ስለዚህ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ በብርድ አገር ቆዳ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ አልፎ አልፎ የኮኮናት ዘይት ቀቢው ብለሽ እንደመከርሽኝ፣ ዘይቱን ገዝቼ አሸሁት። እጄ ዘይት እንደሆነ ቆም አልኩ። በአራት ዓመት ውስጥ የጻፍኩልሽን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ። ስለ ቃጭልም ስለ ቆዳም አንድ ቃል ጽፌልሽ አላውቅም።

ከዚያም ያ ከረጢት ትዝ አለኝ። ያን ቀን ከበሩ ጀርባ ነው ያወረድኩት። ማሚ ግን ባስ ላይ ጠፋ ተብለው፣ ባንቺ አዝነው አረፉ። ሰው ያልያዘውን ባስ ላይ እንዴት ይጥላል? ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄው አላውቅም። አንቺ ለካ ከመጀመሪያው እያወቅሽ ሸፍነሽልኛል።

መልስ አትጻፊልኝ አልልሽም፤ ጻፊልኝም ለማለት ፊት የለኝም። ቃጭሎቹን አስረሽ በቀኝ እግርሽ ስትጀምሪ፣ አንድ ምት ለኔ ብለሽ ርገጪልኝ። አንቺ በእምነትሽ እኔም በእምነቴ የምንለምነው አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ሳልሽን ያርቅልሽ፣ የማሚን ቤት ያለ ተማሪ አያስቀርብሽ።

ከደረጃው ላይ ሆና ምት ትቆጥርልሽ የነበረችው፣

ጓደኛሽ