እኔን ሳይጠይቁ ስለ እኔ መጠየቅ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወንዳወቅ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ተሻለዎት? እትዬ ያምሮትስ፣ መስከረምስ ደህና ናቸው? የአዳማው ሙቀት አልጠናባችሁም? እኛ፣ ስሙ ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። በስልክ መናገር ስችል በወረቀት የጻፍሁት፣ ጋሼ፣ ከሰሞኑ ስልኩንም ሰውንም ማመን ስላቃተኝ ነው።

የጽጌ ጾም ሊወጣ ሲል ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ሰፈራችን መጣ። እኔ ቤት ግን ድርሽ አላለም። ባሏ ይጠጣል ወይ፣ ከብት አላቸው ወይ፣ ቃላቸውን ይጠብቃሉ ወይ እያለ ጎረቤቶቼን ዞረ። በእኛ አገር እንዲህ የሚያጠያይቅ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ያውቁታል። ሁሉም ለልጄ ለሥርጉት የተላከ መሰላቸው። ጎረቤቴ ሀብትነሽማ ደግ የሠራች መስሏት የሌለንን በሬ ቆጠረችለት፤ ሥርጉትንም ሰማይ ሰቀለቻት።

ወሬው አቶ ገብረሰንበት ጆሮ ገባ። ሥርጉትን ለልጃቸው ለመልካሙ አጭተው ሠርጉ ለጥር መቆረጡን ነግሬዎት ነበር። እኛን ይዛችሁ ሌላ ታማርጣላችሁ ወይ ብለው ሽማግሌ ላኩብን። ብንምል ብንገዘት ማን ይመነን! እስከ ገና እናስብበት ብለው ሄዱ። ልጄ እህል መቅመስ ትታለች።

ለገበያ ቡሬ ስወርድ ሰውየውን አፈላልጌ አገኘሁት። የብድር ድርጅት ሠራተኛ ነኝ አለኝ። ወንድምሽ አዳማ ላይ ባጃጅ በዱቤ ሊወስዱ አንቺንና ባልሽን ዋስ ብለው አስመዝግበዋል፣ ቤታችሁን እንድናጣራም ስለ እናንተ ፈርመው ፈቅደዋል ብሎኝ አረፈው። የባለቤቴን የስመኘውን ሕመም እንኳ ያውቃል። ከእርስዎ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልሁም፤ ታዲያ ከማን ሰማው?

እርስዎ አደረጉት ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ታላቄ ነዎት፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ አባቴም እርስዎ ነዎት። ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ቢጠይቁኝ እኮ እሺ ነበር የምልዎት! የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ደግሞስ ሌላ ምን ነግረዋቸው ይሆን? አሁን ውሻ በጮኸ ቁጥር ማን መጣብኝ እያልሁ በአጥር አጮልቃለሁ።

ሰውየው ዋስነቱን በቃልሽ እንድታጸኚ ይደወልልሻል ብሎኛል። ሲደውሉ አላነሣሁም። እርስዎ ከገና በፊት መጥተው፣ አቶ ገብረሰንበት ደጅ ቆመው፣ ሰውየው የመጣው በእርስዎ ጉዳይ መሆኑን እስኪነግሩልኝ ድረስም አላነሣም። ካልመጡ ግን አነሣዋለሁ፤ አልፈቀድሁም እላቸዋለሁ።

ስመኘው እጅ ይነሣል። ለእትዬ ያምሮት የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ መስከረምንም ይሳሙልኝ። ሥርጉትን ለአጎትሽ ሰላምታ ልጻፍልሽ ወይ ብላት ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

እህትዎ ካሰች

ቡሬ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.