አቀበቱን ያሳጠረው ሞተር

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ራስ ምታቱ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ ጉንፋኑን ተገላገሉት? አማትሽስ እንዴት ናቸው፣ ዛሬም ጨው በዛ ይላሉ? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ደህና ነን። እኔም ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። አባዬን ከቀበርን ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ሆንክ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ውሸቴንም አይደለም። ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ እንደሚደነዝዘው ሁለመናዬ ደንዝዟል። ሲነኩኝ ይሰማኛል፣ አያመኝም።

ባለፈው በስልክ «እማዬን አምጣልኝ አልኩህ እኮ!» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም። ሐኪሙ ወደ ቤታችን የሚያስወጣውን አቀበት በእግሯ እንዳትወጣ ብሏል፤ አንቺ «እኔ ጋ ትምጣ» ትያለሽ፤ እሷ ደግሞ «ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች። በሁለታችሁ መሃል ተወጥሬ ምን ላድርግ? ሞተር ቀየርኩ። አትሳቂ እንጂ፣ የምሬን ነው።

የአባዬን ትንሿን መኪና መቼም አትረሻትም። አቀበቱ ግርጌ ስትደርስ ሰው ታራግፍ ነበር። አባዬ ብቻውን መሪ ይዞ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ይወጣል፤ እማዬ ድንጋይ ታቅፋ በሾፌሩ መስኮት በኩል ከጎኑ ከጎኑ ትሄዳለች፤ ሞተሩ ቀጥ ካለ ፈጥና ጎማው ሥር ልትወሽቅ። አንቺ ቀድመሽን ሮጠሽ «እነዚህ የማን ናቸው?» በሚል ዓይን ከላይ ካለው ሱቅ ደጃፍ ታዪን ነበር። እኔ በልቤ፣ ይቺ ሴት ምን በደለች፣ ዕድሜ ልኳን በዚህ ዳገት ድንጋይ ተሸክማ የምትወጣው እል ነበር። ስለዚህ መኪናዋ እማዬን ጭና መውጣት ከቻለች ነገሩ ሁሉ አለቀ ብዬ ቆረጥኩ። እሷን ግን አልጠየቅኳትም። ምኑን እጠይቃታለሁ?

ከኋላው ተገጭቶ ከተጣለ መኪና ጉልበቱ ከፍ ያለ ሞተር አገኘሁ። የጋራዣችን በያጅ ብልጭታ፣ መቼም አፉ አያርፍም፣ «ለድመት የበሬ ልብ ልትገጥምላት ነው?» ብሎ ጋራዡን በሳቅ አፈረሰው። እውነቱን ነው፣ ቦታው አልበቃ አለ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን ብረት ቆርጠን እንደገና በየድነው፤ ኮፈኑ አልገጥም ሲል ከላይ ቀደድነው። አፍንጫዋ በክብደቱ ሲዘቀዝቅ የፊቱን ሞላ ቀየርን። እንዲያ የሚሮጥ ነገር የሚይዘው ከሌለ ጉድ ነው ብዬ ፍሬኑንም ከዚያው መኪና አወረድኩ። የአባዬን ሞተር ከቦታው ስናነሳው ብልጭታ ሬዲዮኑን አጠፋ፤ ማልቀሴ ነው ብሎ። እኔ እቴ! አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ነበር የማስበው። ካቦርቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

እሑድ ዕለት እማዬን ከሐኪም ቤት መለስኳት። አቀበቱ ግርጌ ስንደርስ፣ ገና መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፈተች። «ተቀመጪ እማዬ፣ ዛሬ መውረድ የለም» አልኳት። ተቀመጠች። መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ፣ ትንፍሽ ሳትል፣ ሽው ብላ ወጣች። ባለሱቁ ወጥቶ አጨበጨበልን። በራችን ላይ አቁሜ፣ ምን ልትለኝ ይሆን ብዬ ዞር አልኩ።

«አለቀ?» አለችኝ። አዎ ደረስን አልኳት። «ይኼው ነው መንገዱ?» አለች ደግሞ። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ እኔም ሳታይ ትነግረኝ ጀመር። ቤት ውስጥ እኛ ነበርን፣ ጎረቤት ነበረ፣ ግድግዳውም ስስ ነበር። እሷና አባዬ ሰው ሳይሰማቸው የሚጫወቱት እዚያ አቀበት ላይ ብቻ ነበር፤ እሱ ክርኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ፣ እሷ ከጎኑ እየሄደች። አንቺን ማርገዟን የነገረችው እዚያ ነው። አንቺን ለመዳር የተስማሙትም እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ደህና መኪና ግዛ ሲለው «አትግዛ» ያለችውም እሷ ናት። አየሽ ጉዴን? እኔ ሸክም ላወርድላት ነበር የለፋሁት።

«ታዲያ የድሮውን ልመልሰው?» አልኳት። እንደመሳቅ አለች። «ሞተሩንስ ትመልሰዋለህ፣ መሪውን ማን ሊይዘው ነው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እምቢ ያልኩት ከቤቱ እንዳልወጣ አይደለም፣ ከመንገዱ እንዳልለይ ነበር» አለች። «በእግሬ እንዳልወጣው ተከለከልኩ፣ በመኪና ደግሞ ሳላየው አለፈ፤ እንግዲህ እህትህ ጋ ውሰደኝ» አለች። በሩን ከፍታ፣ ምርኩዟን ይዛ ገባች። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቢያንስ አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንባው አልመጣም።

ስለዚህ ደስ ይበልሽ፣ ወሩ ሳያልቅ አመጣልሻለሁ። ምድር ቤት ያለውን ክፍል አዘጋጂላት፤ ደረጃ እንዳታስወጫት። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ሐኪሙ የከለከላት አቀበት ነው እንጂ ሜዳ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ባለቤትሽ መኪናውን ላውጣ ቢልም እምቢ በይው፣ በእግሯ ውሰጃት። ከጎኗ ሆነሽ ቀስ በይ፤ አንቺ መቼም ችኩል ነሽ። ላንቺ ያልሆነ ወሬ ለብቻዋ ስታወራ ከሰማሽ አታቋርጫት።

ባለቤትሽን ወገቡን ይጠንቀቅ፣ ከባድ ዕቃ አያንሳ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስመሽልኝ፤ የሚያጫውታቸው እኩያ እየመጣላቸው ነው። ትልቋን ልጅ በርቺ በያት፤ ያንን ጥርሰ ወላቃ ደግሞ ጉንጩን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ብልጭታም ሰላም ብሎሻል።

ለእኔ አታስቢ። መኪናዋ አሁን አራት ሰው ጭና ሽቅብ ትወጣለች፤ እማዬን ካደረስኩልሽ በኋላ ብቻዬን እወጣባታለሁ።

ወንድምሽ

ከጋራዡ፣ ኅዳር 14 ቀን