የግራ እግር ጫማ

ኡፐርናቪክ፣ ግሪንላንድ
ነሐሴ 4 ቀን 1913

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ዶርቴ፣ ኮፐንሃገን

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። የላክሽልኝ መነጽር ሰላሜን ነሥቶኛል። ሃምሳ ስምንት ዓመት መልከ መልካም ነኝ ብዬ ተደስቼ ስኖር፣ መነጽሩን አድርጌ ፊቴን ውሃ ላይ ባየው የዚያ ጢማም የባሕር አውሬ፣ የአሮጌ ዋልረስ ፊት ሆኖ አገኘሁት። እናትሽ ደግሞ፣ "እኛ ስንት ዓመት የቻልነውን ዛሬ አንተም አየኸው" ብላ ሳቀችብኝ። መልሼ ልልክልሽ ነበር። ግን አብረሽ ያን መጽሐፍ ልከሻልና አስቀረሁት።

የካፒቴን ብራምሰንን መጽሐፍ ራሴን ባስተማርኩት ዴንማርክኛ ፊደል በፊደል ስለቅም ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መንገድ መሪዬ ኡጃራክ፣ ማለትም አባትሽ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ዘጠኝ ቀን ርቀን ሳለን በረዶው ላይ ጥሎኝ ሸሸ ይላል። አንቺም ይህን አምነሽ፣ "የከዳተኛ ስም ለልጄ አልሰጥም" ብለሽ ጻፍሽልን።

ዶርቴ! አባትሽ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ስሙ የሚያድርበት፣ እሱም በስሙ ወደ እኛ የሚመለስበት ሕፃን እስካሁን አላገኘም። እናትሽ ልጅሽን "ባሌ" ብላ ልትጠራው፣ እኔም "ታናሼ" እያልኩ ጆሮውን ልቆነጥጠው ስንዘጋጅ፣ አንድ ካፒቴን ወንድሜን በቀለም ሊቀብርብኝ? ደሜ ፈላ! መጽሐፉን ለውሾቹ ልወረውር ስል አንድ ምስል ያለበት ገጽ ተገለጠ። "መርከበኞች ያገኙኝ ዕለት" ይላል። ካፒቴኑ ጢሙ በረዶ ሆኖ ቆሟል። መነጽሬን አስተካክዬ እግሩን አየሁ።

"ሪጊና፣ ነይ እስቲ" አልኳት እናትሽን።

"ደግሞ የማንን ፊት ልታማ ነው?"

"ፊት አይደለም። እግሩን እይ።"

መነጽሩን ከአፍንጫዬ ላይ ነጥቃ አጎነበሰች። ጣቷን የካፒቴኑ ጫማ ላይ አሳረፈች።

"ጥቁሩን ጥልፍ እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለች። "ግራውን ተመልከት። ጫፉ ተቀዷል።"

አባትሽ በወጣትነቱ ብርድ የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች እንደበላበት ታውቂያለሽ። እናትሽ የግራውን ጫማ አሳጥራ የምትሰፋው ለዚህ ነበር። ያ ጫማ ጣቱ ሙሉ ለሆነ ሰው ካልተቀደደ አይገባም። ኡጃራክ ሲሄድ ያደረገው እሱኑ ብቻ ነበር፤ ሌላ አልያዘም።

ካፒቴኑ ከዚህ ሲነሣ የብረት ሚስማር የተመታበት የቆዳ ጫማ አድርጎ ነበር። "እሱን አውልቅና የእኛን አድርግ፤ ብረቱ ብርድ ይስባል፣ እግርህን ትቀብረዋለህ" ብንለው፣ "የሴት ጫማ አላደርግም" ብሎ ሳቀብን። እና አሁን አንቺው ንገሪኝ፤ የሚሸሽ ሰው ጫማውን አውልቆ ጥሎት ለሚሄደው ሰው ይሰጣል? ወንድሜ እርዳታ ሊጠራ የሄደው በዚያ በካፒቴኑ ሚስማራም ጫማ ነው። በበረዶ ላይ! ዘጠኝ ቀን! ሲመለስ ያላየነውም ለዚህ ነው። ያ ሰውዬ ግን ወንድሜን ተጫምቶ አገሩ ገባና ከሃዲ አለው።

ምስሉን ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አሳታሚው ዘንድ ይዘሽው ሂጂና መጽሐፉን እንዲያርም ንገሪው፤ ሆድሽን አስቀድመሽ ግቢ፣ ነፍሰ ጡርን ማንም አያባርርም። ምጥሽን እግዚአብሔር ያቅልልሽ፤

ቆይ። በር ተንኳኳ። እዚህ ደግሞ በር የሚያንኳኳ ማን አለ? ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚገባው።

ዶርቴ፣ ራሱ ነው። ብራምሰን። በትናንቷ መርከብ መጥቷል፤ በዱላ ያነክሳል። የአባትሽን ጫማዎች እንደ ሕፃን ታቅፏቸዋል። እናትሽ ፊቱን አላየችም። ግራውን ተቀብላ እጇን በተቀደደው ውስጥ አስገብታ፣ "ይህን ማን ቀደደው?" ትለዋለች። ቋንቋችንን አያውቅም፤ ተርጉምልኝ ብሎ እኔን ያየኛል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ልተርጉምለት ነው። እሱ የሚመልሰውን ግን አትጠብቂ፤ ለልጁ የአባትሽን ስም ስጪው።

አጎትሽ ጋባ