አምፕሊፋየሩ መጥፋት አቆመ

ውድ የዓለምወርቅ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን አንቺ “ደህና ነኝ” ትያለሽ፣ እኔም “ደህና ነኝ” እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ኔትወርኩን እናማለን። የአክስትሽ የእትዬ ስንቅነሽ ተዝካር ካለፈ ቆየ። አንቺ ከአዋሽ አልተመለስሽም። አልመለስም ብለሽም አልነገርሽኝም። እኔ እዚህ ሰመራ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር መለየት አቅቶኛል፦ ሚስቴ ተዝካር ሄዳ ቆየች ወይስ ትታኝ ሄደች? ሰው ሲጠይቀኝ “ትመጣለች” እላለሁ፤ መቼ ሲሉኝ ሳል ይይዘኛል።

ይህ አንሶኝ ደግሞ ሌላ ተጨመረ። አምፕሊፋየሩ መጥፋት አቁሟል። አዎ፣ ያው የኛው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ዘፈን መሐል ጠፍቶብኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ብቻ ጠፋ፤ እሱን እነግርሻለሁ።

እንዴት እንደገዛነው ታስታውሺያለሽ? ሰመራ በመጣሽ ሰሞን “የዚህ አገር ዝምታ ጆሮዬን ያመኛል” ትዪ ነበር። እውነትሽን ነው። አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ተወልዶ በጫጫታ ያደገ ሰው፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሁሉን ቤቱ ሲከተው ምን ይሰማል? ነፋሱን ብቻ ነው። እኔም ይህን ቤት በድምፅ ካልሞላሁት ይቺ ሴት አንድ ቀን ሻንጣዋን ታነሳለች ብዬ ፈራሁ። ያኔ ይህን አልነገርኩሽም፤ ሙዚቃ ስለምወድ ነው አልኩሽ።

ጎረቤታችን ኢስማኢል በከባድ መኪናው ከጅቡቲ ሲመለስ ይዞልን መጣ። ውድ አይደለም፣ ትልቅም አይደለም፤ ሁሉን ነገር በአንድ ሳጥን የያዘ፣ ሁለት ስፒከር ብቻ የሚፈልግ። “ወላሂ ይልቃል፣ ሰርዶ ላይ ሻይ ስጠጣ እንኳ ከጎኔ አልለየሁትም” ብሎ አስረከበን። የመጀመሪያውን ዘፈን ስንከፍት ዘፋኙ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ሶፋችን ላይ የተቀመጠ መሰለን። ክራሩ በግራ፣ ከበሮው በቀኝ። አንቺ ደግሞ “እስኪ ዝም በል፣ ትንፋሹ ይሰማል እኮ!” አልሽና ሳቅሽ። ሰመራ ከመጣሽ እንደዚያ ስትስቂ አላየሁሽም ነበር።

ከዚያ ኪሮሽሽን አነሳሽ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ የውሃ ጄሪካኑ ሳይቀር አለው፤ አምፕሊፋየሩ ብቻውን ራቁቱን አይቀመጥም። የእሱን ከሁሉም ጠበቅ አድርገሽ ሠራሽው፤ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ አበባ፣ በጎኑ እስከ ታች የሚወርድ። “አቧራ እንዳይገባበት ነው” አልሽ። ስትጨርሺ አለበስሽው፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብለሽ አየሽው፣ “አሁን ቤት ሆነ” አልሽ። ያን ስሰማ እፎይ አልኩ። ከእንግዲህ ትቀመጣለች አልኩ በልቤ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ይዘፍናል፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ከዚያ ጸጥ። ቆይተን ስንከፍተው ይሠራል፤ ደግሞ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ነው አልን፣ ስታቢላይዘር ገዛን፤ አልተሻለውም። ቴክኒሻኑ ጉልላት ጋ ወሰድኩት፤ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ዋለ። “ወንድሜ፣ ይሄ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቤትህ ይሆናል” ብሎ ቀለደብኝ። ወደ ቤት መለስኩት፣ አንቺ አለበስሽው፣ ገና ትንሽ እንደዘፈነ ጠፋ። ጎረቤታችን ውቢት እንኳ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ “ዓይን ነው፤ ሰው ሲገባ ዝጉት” አለችን።

ኢንተርኔት ላይ ይህንኑ አምፕሊፋየር የገዙ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ አነበብኩ። አንዱ “በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አይገኝም” ይላል። ሌላው የድምፁ ጥራት አስለቀሰኝ ይላል። አንዱ ደግሞ ሽቦውን ቀይሩ ብሎ ይመክራል። ሚስቴን እንዳላጣ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ሊያጣላን ነው ብሎ የጻፈ ግን አላገኘሁም።

ኢስማኢልን ተቀየምኩት፤ አሮጌ ነው ያመጣብን ብዬ ሰላምታ ነሳሁት። አንቺ “ድምፁን እያስጮህክ አቃጠልከው” አልሽኝ። እኔ “አንቺ ነሽ፣ ካውያ አብረሽ እየሰካሽ” አልኩሽ። ዘፈኑ በተቋረጠ ቁጥር ቤቱ ውስጥ እኔና አንቺ ብቻችንን እንቀራለን፣ የምናወራውም ስለ እሱ ነው። ቆይቶ ስለ እሱም ማውራት ተውን። ተጣላን እንዳልል አልተሰዳደብንም፣ አልተኮራረፍንም። እንዲሁ ዝም ተባባልን።

ለተዝካሩ ስትሄጂ ቀሚሶችሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ተውሻቸው። ዳንቴሎቹን ግን አንድ ሳይቀር ሰብስበሽ ፌስታል ውስጥ ከተትሽ። “የዚህ ውሃ ጨው ነው፣ ሳሙና አይቀበልም። አዋሽ አጥቤ አመጣቸዋለሁ” አልሽ። ፌስታሉን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ የሸኘሁሽ እኔው ነኝ። ውቢት ይህን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። “ቀሚሷን ትታ የሄደች ትመለሳለች። ዳንቴሏን ሰብስባ የሄደች ግን ትዳሯን ነው የጠቀለለችው” አለችኝ። ኧረ ለማጠብ ነው አልኳት። አየችኝና “እሺ፣ ይሁንልህ” አለች። ከሁለታችን ማን ልክ እንደሆነ እኔ እንጃ።

አንድ አርብ ከሰዓት ከቢሮ ገብቼ ከፈትኩት። ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ አልጠፋም። በማግስቱም አልጠፋም። ለቢሮ ጓደኞቼ ብነግራቸው “ሚስትህ ናት ለካ ስትዘጋው የኖረችው!” ብለው ሳቁብኝ። የማይረባ ቀልድ ነው፤ ግን ለአንድ አፍታ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው ግራ የገባኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ፎጣዬን ሳላስበው ላዩ ላይ ጣልኩት። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፣ ጠፋ። ፎጣውን ሳነሳ ብረቱ እጄን ለበለበኝ። ላዩ ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ለካ ሙቀቱ የሚወጣባቸው ናቸው! እኛ ደግሞ በሰመራ ሙቀት ዳንቴል አልብሰነው “ምን ሆነ?” እያልን ስንጨቃጨቅ ከረምን። ወዲያው ኢስማኢል ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። “አስተግፊሩላህ! እኔስ የመኪናዬን ሞተር ብርድ ልብስ አልብሼ ነው እንዴ የአዳይቱን በረሃ የማልፈው?” ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ተወኝ።

ምን ብዬ ልንገርሽ? “ቤት ሆነ” ያልሽበት የእጅሽ ሥራ ነው ያፈነው ብልሽ፣ ከዚህ ሁሉ አንቺ የምትሰሚው “ጥፋቱ ያንቺ ነው” የሚለውን ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ባልነግርሽ ደግሞ፣ ከመጣሽ፣ አጥበሽ ተኩሰሽ መልሰሽ ታለብሺዋለሽ። ያኔ ዝም እላለሁ። ይጥፋ። እኔ አምፕሊፋየር የፈለግኩት አንቺ እንድትቀመጪልኝ ነበር እንጂ ለሌላ ለምን ነበር? አሁን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሙሉ ዘፈን ነው፤ እኔ ደግሞ ዘግቼው በር ላይ ኮቴ አዳምጣለሁ።

በቀደም ስልክ ላይ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ “ዳንቴሉ ደረቀ ወይ?” አልኩሽ። ዝም አልሽ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” አልኩ። “ደርቋል” አልሽ፣ ከዚያ አባባ እየጠሩኝ ነው ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ያሰብኩት ከተዘጋ በኋላ ነው። የአዋሽ ፀሐይ ዳንቴል ለማድረቅ ምን ያህል ይፈጅበታል? የመጨረሻውን ሳትሰቅዪ የመጀመሪያው አይደለም የሚደርቀው? ታዲያ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ሁሉ የምን ነበር? መጥቼ እንድወስድሽ ነው የምትጠብቂው ወይስ እንዲገባኝና እንድተውሽ?

ሽማግሌ ልላክ ብል አልተጣላንም። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ያልተጣላ ምን ይልካል? ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በኢስማኢል መኪና ልኬልሻለሁ፤ ራሴም ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ናፍቀሽኛል። እዚያው አዋሽ እንኑር፣ ዝውውር ጠይቅ ካልሽኝም እጠይቃለሁ። ብቻ አንቺው ከአፍሽ አንድ ነገር በዪኝ።

አባትሽ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እንደ ወትሮው “ና ልጄ” ይሉኝ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ “አቶ ይልቃል፣ ይቀመጡ” ብለው ወንበር ያስመጡልኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆንኩ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በር ላይ ቆሜ ከእሳቸው እሰማለሁ።

ባልሽ፣
ይልቃል
ሰመራ