አገር ቤት ያልሄድክባቸው ወራት

ሙሌዬ፣ የኔ ጌታ፣

ካለ አንተ አራተኛውን ፋሲካ ፈሰክን። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት የተሻለ ቦታ እንደሌለ ቄሱም ነግረውኛል፣ እኔም አምናለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ፎቶህን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ቤታችን ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማ ነው። አንተ «ነገ እሠራዋለሁ» እያልክ ያስረጀኸውን የኩሽና ቧንቧ አንድ ሰው መጥቶ፣ ያቀረብኩለትን ሻይ ሳይጨርስ ጠግኖት ሄደ። ወይ ሙሌ! እናትህ ደሴ ደህና ናቸው፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ። ልጃችን ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቁመቷ ወዳንተ ወጥቷል፤ ግትርነቷ ግን የኔ ነው ይሉኛል።

ክፍሏ ውስጥ ቀለሙ ዓይን የሚያጥበረብር የእንጉዳይ ሥዕል ሰቅላለች። ለባዮሎጂ ትምህርት መስሎኝ ነበር። ለካስ ይሄ ለወጥ የሚሆነው ዓይነት አይደለም፤ የበላው ሰው ግድግዳ ሲተነፍስ ያያል፣ ያዘነም ይጽናናበታል ይላሉ። አልቀመስኩም ብላ ምላልኛለች። አምኛታለሁ፤ መሳቢያዋን ግን ፈትሻለሁ። ከጓደኞቿ ጋር ሆና በዕፅ የተነሳ ሰው መታሰሩ ይቅር እያለች ትሟገታለች። ዲሲዎች ማሪዋናን በድምፃቸው ከፈቀዱ ወዲህማ የእንጉዳዩም ተራ ደርሷል ባይ ናት። አንድ ቀን እራት ላይ፣ እኛ ዕድለኞች ነን፣ ከቤተሰባችን በዚህ ሕግ የታሰረ የለም አለችኝ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩት።

ነገርኳት። አንተ በታሰርክ ጊዜ እሷ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። አባትሽ ለአያትሽ ሕመም አገር ቤት አልሄደም፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ታስሮ ነበር አልኳት። ቀን አርሊንግተን ፓርኪንግ፣ ማታ ሌላ ሥራ ስትሠራ እንቅልፍ እንዳይጥልህ ትቅም እንደነበር፣ አሌክሳንድሪያ በፖስታ የመጣ ደረቅ ጫት ልትቀበል ሄደህ እንደተያዝክ፣ የጓደኞችህንም ስም አልሰጥም እንዳልክ ነገርኳት። በአገራችን በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ ቅጠል እዚህ ከሄሮይን እኩል መቆጠሩን አንተ እስከ መጨረሻው ማመን አቅቶህ ነበር። እኔ ዛሬም ጫት አልወድም። ጥርስህን አበላሽቶታል፤ ክርስቲያን ቤት ጫት እያልኩም ስንት ቀን አኩርፌሃለሁ። ግን ለእሱ ብለው አንተን ከልጅህ መለየታቸው ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም አይገባኝም።

ውሸቷ የኔ ነበረች። እናቱ ታመው ሄደ አልኩ። እትዬ ዘነበች እንደምታውቃቸው ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ማኅበር አስተባብረው ቤታችን መጡ፤ የእናትህ ስም በየቅዳሴው ለጸሎት ተጠራ። ሳይታመሙ ያን ያህል ስለተጸለየላቸው ይሆናል ዛሬም የሚሮጡት። ስትፈታ ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባምና፣ እዚህ ያሉት ሱቆች ያውቁናል ብለን አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድተን በርበሬና ሽሮ ገዛን። በማሸጊያው እንዳይታወቅብን በፌስታል እየቋጠርን ለየቤቱ አደልን። የአገር ቤት በርበሬ እኮ ሽታው ሌላ ነው ሲሉ አንተ አንገትህን ደፍተህ ትስቅ ነበር። እኔም ሳቅህን ብቻ አየሁ።

ከእስር ቤት ስትደውል ለሜሮን ከኢትዮጵያ ነው እላት ነበር። አያቴ ተሻላት ወይ ትልሃለች። ትንሽ ዝም ትልና ተሽሏታል ትላለህ። ያን ዝምታህን እሰማ ነበር፣ ሙሌ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሰው የታሰረ ይጠይቃል። ሰርቆ ለታሰረም ስንቅ ይቋጥራል፤ ሲፈታም እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብሎ በር ያንኳኳል። አንተን ከእኔ በቀር የጠየቀህ የለም፤ እኔም የሚያየኝ እንዳይኖር እየፈራሁ የመጣሁት አልፎ አልፎ ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ የት እንዳለህ አያውቁም ነበር። ሁሉ ሰው ስለ እናትህ ሕመም ጠየቀህ እንጂ ስላሳለፍከው አንድም ቀን አልጠየቀህም።

ባለፈው ቅዳሜ ሜሮን በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስለ ዕፅ ሕጉ በተጠራ ስብሰባ ላይ ልትናገር ይዛኝ ሄደች። እትዬ ዘነበች በአጠገቡ ክፍል ለዜግነት ፈተናቸው ይማራሉ፤ በመስታወቱ አይተውኝ ሰላም ሊሉኝ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። አንድ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ተነስቶ እናቱ ስትሞት እንጉዳዩ እንዴት እንዳጽናናው ተናገረ። ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ ሲል ሳቁለት፣ አጨበጨቡለትም። አንተን አስታወስኩና ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ የኛ ልጅ ተነሳች። በእንግሊዝኛ፣ ምንም ሳትንተባተብ፣ የታሰርከውን፣ የደበቅነውን ሁሉ ተናገረች። ስምህን ከነአባትህ ስም ጠራችው።

እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛው ገና አልገባቸውም፤ ስምህን ግን ሰሙ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ስለ ሙሉጌታ ምን አለች?» አሉኝ።

አባቴ ናፈቀኝ ነው የምትለው አልኳቸው።

ዕንባቸው መጣ። ሜሮን ሲያለቅሱ አየቻቸውና እውነቱን የነገርኳቸው መሰላት። እየሮጠች መጥታ አቀፈቻቸው፣ አመሰገነቻቸውም፤ እሳቸውም አይዞሽ ልጄ እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። ሁለቱ ተቃቅፈው እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬት አየሁ። በመኪና ስንመለስ፣ «ማሚ፣ ፋይናሊ ነገርሻቸው! ቀለለሽ አይደል?» አለችኝ። ቀለለኝ አልኳት። የአንተን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

ሕጉ ይሻር ወይስ ይጽና እነሱ ይከራከሩበት፤ እኔ ለዚያ ዕውቀቱም የለኝ። እኔ በውሸቴ ያሰርኩህን እስር ግን ሸንጎ አይፈታውም። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜሮንን ይዤ እትዬ ዘነበች ቤት እሄዳለሁ። አስቀድሜ ልጃችንን፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ከዚያ ለእትዬ፣ ሙሉጌታ ታስሮ ነበር፣ ጠያቂ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይቆጡኝ፣ ይዘኑብኝ፤ መብታቸው ነው።

እስከ ዛሬ ሳስታውስህ እነዚያን ወራት እየዘለልኩ ነበር። ከእንግዲህ አልዘልም። ሻሽሽን አጥልቀሽ ውጪ ቢሉኝም እንኳ፣ እኚያ ሴትዮ አንተን ሳይጠይቁ መቅረታቸውን ሲሰሙ ስላንተ የሚያለቅሱትን ለቅሶ፣ በሩ ላይ ቆሜ እሰማልሃለሁ።

ሚስትህ ሰናይት