እንሶስላ የሞቀ እጅ

ጥር 4፣ ሰኞ፣ ረፋድ። ፍኖተ ሰላም።
ክቡር ማስታወሻዬ ሆይ፣ በታላቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፤ የመጀመሪያዋ ኮምፒውተሬ አንድ ቁልፍ ዛሬ ወለቀ። አቧራ ልጠርግ ብነካው ብድግ ብሎ አልጋ ሥር ገባ። ባንዲራ ዝቅ አላደረግሁም።

ታውቃታለህ። ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ፣ ፕሮግራሟን ከካሴት የምትጭን፤ አንድ ፈረንጅ መምህር ሲሄድ የተዋት። ያኔ ስሜን በቴሌቪዥኑ ላይ ባወጣው እናቴ ልጄ ተሾመ ብላ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሹመት የለም። ጽሕፈት፣ ጥገና፣ እንደገና ጥገና።

አሁን በርበሬ። ለአንድ የቡሬ መጋዘን ጥሩውን ከሻጋታው በካሜራ የሚለይ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ዓርብ ለባለመጋዘኑ አሳያለሁ። ይመዝገብ፦ በዚህ አገር ማሽንን ማየት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን።

ጥር 6፣ ረቡዕ። ቡሬ።
ዛሬም ሙሉ ቀን ፎቶ። የለቃሚዎቹ አለቃ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ዕድሜያቸውን በርበሬ ሲለቅሙ የኖሩ፣ ጥሩ ጥሩውን እየያዙ ለካሜራው ያሳዩኛል። ለገና የሞቁት እንሶስላ ከጣታቸው አልለቀቀም። ሻጋታውን ሰሌኑ ላይ እንደተጣለ ፎቶ አነሣዋለሁ።

ባለመጋዘኑ ትናንት ደውሎ ነበር። ማሽኑ ከሠራ ለቃሚዎቹ ከጥምቀት በኋላ አይመጡም አለኝ። ለማንም አልተነፈስሁም። ምሳ ላይ እትዬ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ይኸ ነገር ሲያውቅ እኛስ ወዴት ነን ዓይነት። የመጋዘኑ ወፍጮ ይጮኻል። አልሰማሁም።

ጥር 8፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ።
ጉድ። ባለመጋዘኑ ተቀምጧል፣ ለቃሚዎቹ ቆመዋል። እትዬ ደኅናውን በርበሬ ያነሣሉ፤ ማሽኑ «አንደኛ ደረጃ» ይላል። ጭብጨባ። ሻጋታ ያነሣሉ፤ «አንደኛ ደረጃ»። ባለመጋዘኑ ወንበሩን ወደ ማሽኑ ሳበ። ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ያነሣሉ፤ «አንደኛ ደረጃ»!

«እሰይ አንተ መሐንዲስ! ጫማዬን ለገበያ አበቃህልኝ!»

ሣቁ መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ቁጭ ብዬ መረመርሁ። ጥሩው በርበሬ ሁሉ በእሳቸው እጅ፣ ሻጋታው ሁሉ በሰሌን። ማሽኑ በርበሬ አላየም፤ ቀይ ጣት ነው ያየው። አሮጊቷ ኮምፒውተሬ የጻፍሁላትን ብቻ ትል ነበር። ይኸኛው ያሳየሁትን ብቻ ያያል። እኔስ ምን እያየሁ ነበር?

እስከ ጥምቀት ማግሥት ጊዜ ተሰጠኝ። ይበቃል፤ በሁለት ቀን ይስተካከላል። እትዬ አዘኑልኝ። ነገ ጓንት አጥልቄ እንደ አዲስ እይዝልሃለሁ አሉኝ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት።
ጓንታቸውን አጥልቀው ጠበቁኝ። ካሜራውን አላወጣሁም። ነገርኋቸው፤ ባለመጋዘኑ በስልክ ያለኝን ሁሉንም። በእጃቸው የነበረውን በርበሬ ሰበር አድርገው ውስጡን አዩት። «ይኸም ላዩ ደኅና ነበር» አሉ። ስለ በርበሬው መሆኑን አልጠየቅሁም።

ለባለመጋዘኑ ደወልሁ። ለቃሚዎቹ የሚባረሩ ከሆነ ፕሮግራሙን አላስረክብም። ስልኩን ዘጋብኝ።

እርማት። በጥር 4 ማስታወሻ ማሽንን ማየት «ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን።» የተባለው «ያስተማሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው» ተብሎ ይነበብ። እንዲሁም በጥር 6 ማስታወሻ «አልሰማሁም» የተባለው «ሰምቻለሁ» ተብሎ ይታረም። ወፍጮውም ያን ሰዓት ቆሞ ነበር።